የእትዬ መቀስ ጓሮ ምስክር ይፈልጋል

ለሹማምንትና ለሊቃውንት፣ ለባለ ፎቅና ለባለ ቆርቆሮ፣ እንዲሁም ሥራ ፈትቶ በየአጥሩ ቀዳዳ ለሚያጮልቅ ሁሉ ይታወቅ! የቀድሞዋ የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ፣ የሠላሳ አንድ ዓመት የሳሙና ባለሟል፣ የአርባ ሦስት ፍሬ ሰጪ ዛፎችና የአሥራ አንድ የአትክልት መደቦች የበላይ ጠባቂ፣ በግራ ጉልበታቸው በተነሣው አመፅ ምክንያት ከግዛታቸው ሊወርዱ ቆርጠዋል። ዙፋናቸው አንድ እግሩ በሽቦ የታሰረ ዱካ ነው። ዘውዳቸው ፀሐይ ያነጣው ሻሽ ነው። ግምጃ ቤት የላቸውም። ቤቱም፣ ጓሮውም፣ በጓሮው የሰፈሩት ወፎችም ለሽያጭ ቀርበዋል፤ መንግሥት ያማረው ይቅረብ!

አዋጁ እዚህ ላይ ያብቃ። ሴትዮዋ አንቱ መባል አትወድም። «አንቱ የሚለኝ ሰው ወይ ሊሸጥልኝ ነው ወይ ሊያስፈርመኝ» ትላለች፤ ስለዚህ እኛም አንቺ እንደተባለች እንቀጥል። ሰፈሩ እትዬ መቀስ ይላታል። የሽርጧ ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ የዛፍ መቀስ አለ። አንዴ ጉልበቷን ልትታይ ሐኪም ቤት ሄዳ፣ ወረፋ እስኪደርሳት በረንዳው ላይ የነበረውን ጽጌረዳ ከርክማ ከርክማ ጨረሰችው። ዘበኛው ሊያስወጣት ሲመጣ ውሃ እንዲያመጣ ላከችው። አመጣላት።

ቦታውን እሷና ግንበኛ ባሏ ያገኙት ሌላ ማንም ስላልፈለገው ነው። የጡብ ፋብሪካ አመድና ስብርባሪ የሚደፋበት ጉድጓድ ነበር። ባልዮው ሦስት ክፍል ቤት ሠራበትና ጓሮውን አይቶ፣ «ከዚህ ምስማር እንጂ ቅጠል አይበቅልም» አላት። እሷ ግን ከሥራ ስትወጣ በየቀኑ ከሆስፒታሉ ወጥ ቤት አንድ ባልዲ የድንችና የካሮት ልጣጭ እየያዘች መምጣት ጀመረች። በአውቶቡስ! ሰው አፍንጫውን ይዞ ቦታ ይለቅላታል፤ እሷም ደስ ብሏት ትቀመጣለች። አምስት ዓመት ልጣጭ ቀበረች። በስድስተኛው ዓመት የመጀመሪያው ሎሚ ደረሰ። ባሏ ሎሚውን ከነልጣጩ በላው፤ ፊቱ ተጨማደደ፤ በማግስቱ ሥራ ቀርቶ የውሃ ገንዳ ሲገነባላት ዋለ። ዛሬ እሱ የለም። ገንዳው አለ፤ ብርቱካን፣ ማንጎ፣ አቮካዶ፣ ኮክና ዘይቱንም አለ፤ ከሥራቸው ጎመን፣ ሰላጣ፣ ቀይ ሥርና ቃሪያ በመስመር ተሰልፈዋል። አንዲት ልጇን አስተምሮ ፋርማሲስት ያደረጋት የሆስፒታሉ ደሞዝ እንዳይመስልህ። ያ ጓሮ ነው።

አንድ ጠባይዋን ካላወቅህ የሚቀጥለው ነገር ሁሉ ሞኝነት ይመስልሃል። በአንሶላ ማጠቢያ ክፍል አንድ ደንብ ነበር፤ የታጠበ አንሶላ ታጥፎ አይረከብም። አጣቢዋ በመስኮቱ ብርሃን ፊት ዘርግታ፣ ግራና ቀኙን ገልጣ ማሳየት አለባት። «ገልጠሽ አሳዪ!» ትላለች አለቃዋ፤ የታጠፈ አንሶላ ይዞ የሚመጣ ሰው ነገር ደብቆ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ገልጣ አሳየች። ደንቡ አጥንቷ ውስጥ ገባ። እትዬ መቀስ ገልጣ ሳታሳይ ምንም ነገር ማስረከብ አትችልም።

መከራው የጀመረው ከመሰላል ነው።

«እማዬ፣ በቃ» አለች ልጇ፣ የእናቷን ጉልበት በፋሻ እየጠቀለለች። «ወይ ዛፉ ላይ መውጣትሽ ይቀራል ወይ አንቺ ትቀሪያለሽ። ሰኞ ዕለት ወድቀሽ አይተናል።»

«እኔ አልወደቅሁም። የወደቀው መሰላሉ ነው።»

«አንቺስ የት ነበርሽ?»

«እላዩ ላይ።»

ሐኪሙም እንደ ልጅቷ ተናገረ፤ መውጣት የለም፣ ማጎንበስ የለም፣ ባልዲ መሸከም የለም። ልጅቷ የምትኖረው በሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ለእናቷ የሚሆን ክፍል አዘጋጅታለች፣ አሳንሰርም አለው። እትዬ መቀስ ሦስት ቀን አኮረፈችና በአራተኛው ቀን፣ «እሸጣለሁ» አለች። «ግን ለሚያጠጣ ሰው ነው የምሸጠው። ዛፎቼን የሚቆርጥ ሰው በሬን እንዳያንኳኳ።»

ይህቺን ዓረፍተ ነገር ያዝልኝ፤ ሴትዮዋ ከዚህ ሌላ ምንም አልጠየቀችም። ልጇ ታውቃለች፣ ሐኪሙ ያውቃል፣ አንተም አሁን አወቅህ።

ደላላው መጣ። ባለ ቁልፉ ይሉታል፤ የሰላሳ ቤት ቁልፍ በአንድ ቀለበት አንጠልጥሎ ስለሚዞር ከመድረሱ በፊት ይሰማል። ምላሱ ቅቤ ነው። በጓሮው ዞሮ ዞሮ ወረቀቱን አወጣና «የሚነሱ ነገሮች» በሚለው ርዕስ ሥር መጻፍ ጀመረ፤ አንድ የውሻ ቤት፣ አንድ የተሰበረ የሽንት ቤት መቀመጫ፣ አርባ ሦስት ዛፍ።

«ምንድን ነው የምትጽፈው?» አለችው።

«እትዬ፣ አይቀየሙኝ፤ ይሄ ሁሉ ጫካ እኮ ነው ገዢ የሚያባርረው። ሰው የሚፈልገው ንጹሕ ቦታ ነው።»

«ንጹሕ?» አለች እትዬ መቀስ። «ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ደም ያጠብኩ ሴት ነኝ፤ ንጹሕ ምን እንደሆነ አንተ ነህ የምትነግረኝ?»

ብዕሩን ከእጁ ነጠቀችና አርባ ሦስቱን ዛፎች ራሷ ሰረዘች። የሽንት ቤቱን መቀመጫ ተወችለት።

ገዢዎች መምጣት ጀመሩ። የመጀመሪያው፣ ሐኪም ደረት እንደሚመታ፣ ግድግዳውን በጣቱ ኳ ኳ እያደረገ ዞረና ቤቱ ሳል እንዳለው ነገራት። ሁለተኛዋ ባለ ረጅም ተረከዝ ሰላጣው መደብ ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ሰጠመችና፣ «ወፎቹ ከቤቱ ጋር ናቸው?» ብላ ጠየቀች። ከዚያ የመጡት ባልና ሚስት ብርቱካን ይዘው፣ ራሳቸው የተከሉት ይመስል፣ አሥራ አራት ፎቶ ተነሡ። እትዬ መቀስ ለሁሉም እኩል ናት። እያነከሰች ታዞራለች፤ ይሄኛው መቼ እንደሚያብብ፣ ያኛው ስንት ጊዜ እንደሚያፈራ ትናገራለች። ሲጨርሱ አንድ ዘንቢል ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልታ ታስይዛቸዋለች። ከታች ቀይ ሥርና ካሮት፣ መሐል አቮካዶና ማንጎ፣ ከላይ ሰላጣው እንዳይጎዳ በስሱ።

«ኧረ ይሄ ሁሉ ለምን?» ይላሉ፣ እጃቸው ግን የዘንቢሉን ጆሮ ይዟል።

«ገልጬ ነው የማስረክበው» ትላለች። «ቤቱን በዓይንህ አየህ፤ ጓሮውን ደግሞ በምላስህ እየው።»

ሁሉም «እናስብበታለን» ብለው ይሄዳሉ። በሦስት ወር ውስጥ ሃያ ስድስት ገዢ መጣ፣ ሃያ ስድስት ዘንቢል ወጣ። አሳቢ ትውልድ! አንዳንዱ ሐሳቡ ስላልጠራለት በሁለተኛው ሳምንት በሌላ ኮፍያ ይመለሳል። አንዱማ የክፍሎቹን ብዛት እንኳ ሳይጠይቅ፣ «እትዬ፣ ኮኩ መቼ ነው የሚደርሰው?» አላት። እትዬ መቀስ ልቧ ሞላ። «ይሄ ሰው ነገሩ የገባው ነው!» ብላ ሁለት ዘንቢል ሰጠችው።

ልጇ ቅዳሜ ቅዳሜ ስትመጣ ትጠራጠር ነበር። «እማዬ፣ ይሄ ሰውዬ ባለፈው የመጣው አይደለም እንዴ?»

«ወንድሙ ነው አሉ።»

«አፍንጫው ላይ ያለው ጠባሳስ?»

«የቤተሰብ ነው መሰለኝ።»

እንግዲህ አንድ ቀን ለጉልበቷ ቅባት ልትገዛ ወጣች። አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ አዲስ የፍራፍሬ ሱቅ ተከፍቷል። መደርደሪያው ላይ አቮካዶ ተደርድሯል፤ አንገታቸው ረጅም፣ ሁሉም ወደ አንድ ጎን የጎበጡ። አንዱን አንስታ ገለበጠችው። ዘንጉ ጋ በሰያፍ፣ በአንድ ጣት ርዝመት የተቆረጠ ነው። በዚህ ከተማ እንደዚያ የሚቆርጥ አንድ መቀስ ብቻ ነው፤ እሱም ኪሷ ውስጥ ነበር።

«ልጄ፣ ይሄ ከየት ነው የሚመጣላችሁ?»

«ከራሳችን እርሻ ነው እማማ» አለች ባለ ሱቋ፣ አፏን ሞልታ። «ሰፊ እርሻ አለን። ባለቤቴ እኮ እጁ ያረፈበት ሁሉ ያፈራል!»

«ተባረኪ። ባለቤትሽ ሥራው ገበሬ ነው?»

«አይ፣ ቤት ያሻሽጣል። እርሻው የትርፍ ሰዓት ነው።»

እትዬ መቀስ ከገዛ ጓሮዋ የወጣውን አንድ አቮካዶ በገዛ ገንዘቧ ገዛች። ባለ ቁልፉ ጠረጴዛውን የሚዘረጋው ፎቶ ኮፒ ቤቱ ደጃፍ ላይ ነው። ያን መንገድ በሁለት ጤነኛ ጉልበት እንኳ በዚያ ፍጥነት ሄዳው አታውቅም። አቮካዶውን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠችለት።

«ይሄን ታውቀዋለህ?»

ሰው የሆነ ሰው ቢያንስ ይቀላል። እሱ አልቀላም፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ ፈገግ አለ። «እትዬ፣ እርስዎ አይደሉም እንዴ በእጅዎ የሰጡት? ሰረቀኝ የሚል ካለ ይምጣ።»

«እኔ የሰጠሁት ለገዢ ነው!»

«እነሱስ ገዢ አይደሉም? አማቼ እንደዚያ ያለ ቤት ቢያገኝ ይጠላል?»

«ባለ ጠባሳው አማችህ ነው?»

«ታላቁ። ታናሹ ኮክ ይወዳል።»

በየትኛው ሕግ ትከሰዋለህ? አጥር አልዘለለም፣ በር አልሰበረም። በፈቃዷ ሞልታ፣ ሰላጣው እንዳይጎዳ ተጠንቅቃ፣ እስከ በሩ ሸኝታ ነው ያስያዘችው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሌባ ወህኒ ቤት አልተሠራለትም፤ ሱቅ ነው የሚከፈትለት! እሷ ልትሄድ ስትዞር ደግሞ መርዙን ጨመረላት። «እውነተኛ ገዢማ አራት መጥቶ ነበር። አራቱም ዛፉ ይነሣና እንነጋገር አሉኝ። እርስዎን እንዳላሳዝን ብዬ ነው የደበቅሁት። ለዛፍ የሚከፍል ሰው የለም፣ እትዬ።»

ዘንቢሎቹ ሳይሆኑ ይህቺ ቃል ነበረች ያቃጠለቻት።

ደላላውን አባረረችና በአሮጌ የበር ሳንቃ ላይ ራሷ ጻፈች፤ «ቤት ከነጓሮው ይሸጣል። ደላላ አይገባም። አማችም።» ዘንቢሉን ሰቀለችው። ገዢ ሲመጣ የምታስይዘው ባልዲ ሆነ። «ገዢ ነኝ የምትል ከሆነ ሁለተኛውን መደብ አጠጣና አሳየኝ፤ ከዚያ ሳሎኑን አሳይሃለሁ።» ሕዝቡ እንዴት እንደሸሸ ብታይ! አንዱ ወገቤን አለ፣ አንዱ ስልክ ተደወለልኝ አለ፣ አንዷ ጥፍሯን አሳየቻት። ወሮች አለፉ። ድርቁ ገባ። ጉልበቷ ባልዲ አላሸክም ስላላት የታችኛው የብርቱካን ረድፍ ጫፉ መጫጫት ጀመረ። ልጇ ቅዳሜ ቅዳሜ ታጠጣለች፤ ብርቱካን ግን በሳምንት አንድ ቀን አይኖርም።

ያኔ ነው የሕንፃ ዕቃ ነጋዴው የመጣው። ኮቱን አውልቆ ሰቀለ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ መደቡን ቅጠሉን ሳይነካ ከሥር ከሥሩ አጠጣው። ዋጋው ላይ አልተከራከረም። እትዬ መቀስ ዓይኗን ማመን አቃታት።

«ዛፎቹስ?» አለችው።

«እትዬ፣ እኔ ዛፍ የምቆርጥ እመስላለሁ?»

ይመስላል። ነገር ግን ለመልኩ ተጠያቂ አይደለም። «በመምሰል አልሸጥም» አለችው። «ጻፈው።»

«እጽፋለሁ! ካሻዎት ሁለት ጊዜ እጽፋለሁ» አለ እየሳቀ። ያ ሳቅ ልጅቷን ደስ አላላትም፤ ግን ስምንት ወር ሙሉ ለዛፎቹ የሚስማማ ሌላ ገዢ አልተገኘም፣ እሷም ነገሩን ተወችው።

ማክሰኞ ወደ ውል ቢሮ ሄዱ፤ ሁለተኛ ፎቅ፣ በስተግራ ያለው መስኮት። ጸሐፊዋ ውሉን አነበበችና አንድ መስመር ላይ ጣቷን አቆመች፤ «ገዢው በጓሮው ያሉትን አርባ ሦስት ዛፎች አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ላይቆርጥ ተስማምቷል።»

«ይቺ ልዩ ግዴታ ናት» አለች። «ልዩ ግዴታ ያለበት ውል ከንብረቱ ጥቅም ያላገኙ ሁለት ምስክሮች ይፈልጋል።»

«ጥቅም ሲባል?» አለች ልጅቷ።

«ኖሮበት ከሆነ፣ ተከራይቶት ከሆነ፣ ፍሬውን በልቶ ከሆነ።»

ነጋዴው ጣሪያውን ያያል። ጣሪያው ላይ ምንም የለም፤ አንድ የተቃጠለ አምፖል ብቻ። ይህ ሰው በዚያ መስኮት ፊት ስንት ውል ፈርሟል! ደንቡን እንደ ቤቱ ደረጃ ያውቀዋል። መስመሯን ሲጽፍ የሳቀው ለዚህ ነበር። ሴትዮዋ በሰፈሩ ያላበላችው ሰው እንደሌለ ለማወቅ ደግሞ የደጃፏን ጎረቤት አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይበቃል።

«እኔ እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት እጠብቃለሁ» አለ በለሰለሰ ድምፅ። «ምስክር ከጠፋ ያለዚያች መስመር እንፈርማለን። ምን ችግር አለው፣ ቃሌ አለ።»

አልሸጥም ብላ ቤቷ አትገባም ወይ? ትላለህ። ትገባለች። ገብታም ብርቱካኖቿ በውሃ ጥም ሲደርቁ በመስኮት ታያለች። ያለዚያች መስመር ከሸጠች በመጋዝ ይወድቃሉ፤ ካልሸጠች ቆመው ይሞታሉ። እንዲህ አድርጎ ነው ጨዋ ሰው፣ ኮቱን ሰቅሎ፣ ቅጠል ሳይነካ፣ አንዲት አሮጊትን ጥግ የሚያስይዛት።

ረቡዕ ጠዋት ልብስ ሰፊውን ይዛ ሄደች። ደግ ሰው ነው፤ ሱቁን ዘግቶ መጣላት።

«ከዚህ ንብረት ጥቅም አግኝተዋል?» አለች ጸሐፊዋ።

«ኧረ በፍጹም!» አለ። ከዚያ አንገቱን አከከ። «ሎሚ ይቆጠራል እንዴ?»

«ይቆጠራል።»

«ከስንት ሎሚ ጀምሮ?»

ልብስ ሰፊው ወደቀ። የዳቦ ቤቷ ሴት ገባች። «እኔ እንኳ አልበላሁም» አለች በኩራት። «ነፍሰ ጡር ሆኜ ብርቱካን ልካልኛለች፤ የበላው ግን ፅንሱ ነው።» ፅንሱ ዛሬ በር ሲገባ የሚያጎነብስ የመረብ ኳስ ተጫዋች ነው። እሷም ወደቀች። ጡረተኛው መምህር፣ የፋርማሲው ዘበኛ፣ ጫማ ጠጋኙ፣ ሁሉም መስኮቱ ጋ ደርሰው እውነቱን ተናግረው ተመለሱ። እየው እንግዲህ ደንቡን! ለምስክርነት የሚበቃ ሐቀኛ ሰው ሁሉ በሐቀኝነቱ ተባረረ። የተዋለላቸውን ውለታ ክደው ቢሆን ኖሮ ማኅተም ይመታላቸው ነበር።

ደንቡ የሚወደው ዓይነት ሰውም አልጠፋም። ከሰዓት በኋላ ደረጃው ላይ ቁልፍ ተንሿሿ።

«እኔ እመሰክራለሁ!» አለ ባለ ቁልፉ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «በሕይወቴ ከዚህች እናት ጓሮ አንዲት ቅጠል አልቀመስሁም።» ይሁንታዋን ካገኘ ከሽያጩ ድርሻ ሊጠይቅ ያሰበው ነገር እንዳለ ግልጽ ነው፤ ግን ምን አለበት? ጸሐፊዋ ብዕሯን አነሳች። እትዬ መቀስ ከዚህ በኋላ የሚጠበቅባት ሥራ ዝም ማለት ብቻ ነበር። በዓለም ላይ ስንት ሰው በዚህ ሥራ ይኖራል!

«ይሄ?» አለች። «ይሄማ አንድ መኪና ሙሉ በልቷል! ሚስቱን ጠይቂያት፤ እሷስ የኔን ጓሮ እርሻችን ነው የምትለው!»

ጸሐፊዋ ብዕሯን አስቀመጠች። ልጅቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ደረጃውን ሲወርዱ ልጅቷ፣ «እማዬ፣ ለአንዲት ደቂቃ ዝም ብትይ ምን ነበረበት?» አለቻት።

«ነገ ነጋዴው ጠርቶ ትንሽ ነገር ቢያቀምሰው፣ አይ በልቻለሁ ብሎ ውሉን አያፈርሰውም?» አለች እናት። ሁለት ደረጃ ወረደችና ቆመች። «ባያፈርሰውም። ለዛፎቼ ያ ሰው አይመሰክርም።»

ዛሬ ሐሙስ ጠዋት ቢሮው ሲከፈት በሩ ላይ ቀድሞ የተገኘው ጡረተኛው መሬት ቀያሽ ነው። የእትዬ መቀስ የአጥር ጎረቤት ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰላም ተባብለው አያውቁም። አጥሯ መሬቴን በሁለት ጣት ገፍቶብኛል ይላል፤ የአቮካዶዋ ቅጠል አሸንዳዬን ደፈነው ይላል። ኮቱ ተተኩሷል፣ የመለኪያ ሜትሩ ደረት ኪሱ ውስጥ ነው።

«እኔ ለእሷ ብዬ አልመጣሁም» አለ ለጸሐፊዋ። «በመጀመሪያ አጥሩ በሁለት ጣት መግባቱ ይመዝገብልኝ።»

«እዚህ አይመዘገብም አባባ።»

«አይመዘገብም? እንግዲያው እንዲሁ እመሰክራለሁ።»

«ከንብረቱ ጥቅም አግኝተዋል?»

«ጥቅም!» አለ፣ ቢሮው ሁሉ እስኪዞር። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቅጠል ጠርጌያለሁ! ሎሚ ስትልክልኝ አንድም ሳላስቀር በአጥሩ ላይ መልሼ ወርውሬላታለሁ። አንደኛው ግንባሯን መትቷታል፤ ትጠየቅ።»

«እውነቱን ነው» አለች እትዬ መቀስ። «አብጦብኝ ነበር።»

ፈረመ። ፊርማውን በማስመሪያ አሰመረበት። ነጋዴው ለመጀመሪያ ጊዜ ከጣሪያው ላይ ዓይኑን አወረደ። ደረጃው ላይ እትዬ መቀስ እያነከሰች ደረሰችበትና፣ «ምን ነካህ አንተ ሰውዬ፣ ለምን መጣህ?» አለችው።

«ዛፉ ተቆርጦ ፎቅ ቢቆምብኝ ከማን ጋር ነው የምጣላው?» አለና ሳይሰናበታት ሄደ።

አንድ ምስክር ተገኘ፤ አንድ ይጎድላል። ነገ ዓርብ ነው። ነጋዴው በስድስት ሰዓት ብዕሩን ከፍቶ ይቀመጣል፤ የመጋዝ ሠራተኞቹን ለቅዳሜ ቀጥሯቸዋል ይባላል፤ «ቃሌ አለ» ስላለ ሰው ግን ክፉ አንናገር።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ከዚያ ጓሮ ምንም ያልቀመስህ ከሆንህ መታወቂያህን ያዝና ከስድስት ሰዓት በፊት ሁለተኛ ፎቅ፣ በስተግራ ወዳለው መስኮት ብቅ በል። አታፍር፤ ጸሐፊዋ የምትጠይቅህ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ከበላህ ደግሞ፣ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ጋር ሃያ ዓመት ስትበላ ኖረህ፣ ጉልበቷ ከተያዘ ጀምሮ ደግሞ ስምንት ወር አጥሯ ሥር ስታልፍ ወደ ታችኛው ረድፍ ቀና ብለህ እንኳ ያላየህ ከሆንህ፣ ምስክርነትህ ይቅርብን። አንተን የምንለምንህ ሌላ ነገር ነው፤ ገንዳው ከበሩ ስትገባ በስተቀኝ ነው፣ በሩ አይቆለፍም፣ አንድ ባልዲ ሙላና እስኪ ወደ ታችኛው ረድፍ…